ጠዋቴን ለዲዛይን ወይስ ለደንበኛ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አነስተኛ የሀበሻ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ ሁለት ሰፊዎች አብረውኝ ይሠራሉ። ዲዛይን የማወጣውም፣ ዋጋ የምተምነውም፣ ሒሳብ የምይዘውም እኔ ነኝ። ለዚህ ጸጥ ያለ ሰዓት ያስፈልጋል፣ ያለኝ ደግሞ ጠዋት ብቻ ነው። 2 ሰዓት ላይ ሰፊዎቹ ከገቡ በኋላ ክር አለቀ፣ ጥለቱ አልደረሰም፣ መብራት ሄደ ሲባል ቀኑ ይመሻል።

ችግሩ፣ ብዙዎቹ ደንበኞቼ ዋሽንግተን ናቸው። እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ማታ ነው፤ ከሥራ ገብተው፣ ልጆች አስተኝተው፣ ልኬትና የጥለት ፎቶ የሚልኩት ያን ጊዜ ነው።

ስልኬን ዘግቼ ሞከርኩ። ዲዛይኑ ሰመረልኝ፣ ግን እኔ መልስ ስጽፍ እነሱ ተኝተዋል፤ አንዷ ሙሽራ እንዲያውም የሚዜዎቿን ልብስ ጭምር ሌላ ቦታ አዘዘች። መጀመሪያ መልስ ልስጥ ስል ደግሞ ቴሌግራሙ ሰፊዎቹ እስኪገቡ ይዞኝ ይቆያል። ማታ ልሥራ ብዬም ነበር፣ ግን በድካም ዓይኔ ቀለም መለየት ያቅተዋል፣ ለጥለት ደግሞ ቀለም ዋናው ነገር ነው። ረዳት ለመቅጠር አቅሜ ገና ነው።

አሜሪካ ደንበኛ ኖሯችሁ እዚህ የምትሠሩ፣ ከ11 እስከ 2 ያለውን ሰዓት ለደንበኛና ለራሳችሁ ሥራ እንዴት ነው የምታካፍሉት?