የዓሣ ነባሪ ልጅ «ጥጃ» ይባላል?

አራሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የልጆች ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «ዓሣ ነባሪዋ ጥጃዋን ታጠባለች» ይላል። «ጥጃ» ጆሮዬን ቆረቆረኝ። «ግልገል» ልበለው?

የቅኔ ልጅ፦ እህቴ፣ ከጥጃው በፊት «ነባሪ» ይታረም። ትክክለኛው ዐንበሪ ነው። ግዕዙ «ውስተ ከርሠ ዐንበሪ» ይላል። አማርኛውም ማቴዎስ 12፥40 ላይ «በዓሣ አንበሪ ሆድ» ነው። «ዓሣ ዐንበሪ» ቶሎ ቶሎ ሲባል «ሣ» «ዐ»ን ይውጠዋል። ጆሮ ደግሞ የለመደውን «ነባሪ» ይሰማል።

ሰምና ወርቅ፦ አልስማማም። ነባሪ ከ«ነበረ» ነው፤ ነዋሪ ማለት። ዐንበሪም ቢሆን ከ«አንበረ» ይመጣል። ዮናስን በሆዱ ያኖረ!

የቅኔ ልጅ፦ ኧረ ፊደሉን እይ ወንድሜ! «አንበረ» በአልፉ አ፣ «ዐንበሪ» በዓይኑ ዐ። ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት የቆየሁት ይህንን ለመለየት ነው።

ቀለም ቀንድ፦ ሁለታችሁም ዐረብኛውን ዘላችሁት። «ዐንበር» ሽቶ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። የሚገኘው ስፐርም ዌል ከሚባለው ዓሣ ነባሪ አንጀት ነው። እንስሳው ስኩዊድን፣ ብዙ እጅ ያለውን አጥንት የለሽ የባሕር ፍጥረት፣ ይበላል፤ ጠንካራው የስኩዊድ አፍ ግን አይፈጭለትም። በዚያ ዙሪያ ሰም የመሰለ ነገር ይጋገራል። ወጥቶ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ማዕበል ዳር ያወጣዋል። ስሙ ከዕቃው ወደ እንስሳው የሄደ ይመስለኛል።

ሰምና ወርቅ፦ ይሁን፣ የ«አንበረ»ን ነገር ትቻለሁ። «ነባሪ»ን ግን አልለቅም። ሰው ሁሉ የሚለው ቃል ስሕተት አይባልም።

ባሕር ወዳድ፦ እኔን የሚከነክነኝ «ዓሣ» የሚለው ነው። በሳንባ የሚተነፍስ፣ የሚያጠባ እንስሳ እኮ ነው! የስፐርም ዌል ወንዱ 16 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ጭንቅላቱ ብቻ የአካሉ ሲሶ ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ አንድ ሰዓት ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ሕፃኑ ግን ይህን አይችልም። እናቱ ለአደን ስትጠልቅ እሱ ከውኃው ገጽ ላይ ይቀራል፤ ሌሎች ሴቶች በየተራ አጠገቡ ይሆናሉ። ይህን ሳነብ አንጀቴን ነው የበላው።

የቅኔ ልጅ፦ ዘፍጥረት 1፥21 ይፈታልሃል። «ታላላቆች አንበሪዎችን» ብሎ ዓሣን አይጨምርም። ዐንበሪ ብቻውን ይበቃል።

አራሚዋ፦ እሺ መምህር፣ አስተካክዬዋለሁ። «ዐንበሪዋ ጥጃዋን ታጠባለች»። ጥጃውስ?

ሰምና ወርቅ፦ ቆይ፣ ለሴቷ «ዐንበሪት» አይባልም?

የቅኔ ልጅ፦ አይባልም! የብዙ ቁጥሩን «ዐናብርት» ሰምተህ እንዳይሆን።