የማታ ኪነት በ600ዲ፦ ትከሻው ይደበዝዛል፣ ፊቱ ቀይ ይሆናል

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ፎቶ ራሴን በራሴ ነው የተማርኩት። ያለኝ ካኖን 600ዲና አብራው የመጣችው 18-55 ሌንስ ናት። የቀን ሰርግና ምረቃ አይከብደኝም። እዚህ ደሴ ማታ የኪነት ዝግጅት ሳነሳ ግን እስክስታው ይደበዝዛል፣ የዘፋኙ ፊት ቀይ ወይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ይመስላል፣ አንዳንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር በአግድም ይመጣል። ፍላሽ አልፈልግም። ካሜራ ልቀይር ወይስ ሌንስ ልግዛ?

ጦሳ ስር፦
አብሽር፣ ካሜራውን ተወው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ፈልግ (ኤፍ የሌንሱ መክፈቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)፤ ያገለገለም ቢሆን ይሠራል። ያንተ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ኤፍ 5.6 ነው። 1.8 ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ በ1/30 ሰከንድ ታነሳ የነበረውን በ1/250 ሰከንድ ታነሳዋለህ ማለት ነው።

ማኑዋል (ሁሉንም በእጅህ የምታስተካክልበት) ላይ አድርግና ከኤፍ 2.2፣ ከ1/250 እና ከአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 1600 ጀምር። የዘፋኙን ግንባር አይተህ ከጨለመብህ ወደ 3200 ውጣ። 6400 ላይ ጥላው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ ግን ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። አውቶ ላይ ከተውከው ካሜራው የመድረኩን ጨለማ መጋረጃ አይቶ ፎቶውን ያበራና ፊቱን ነጭ ያደርገዋል። ሙሉ አውቶ ላይማ ፍላሹ ራሱ ብድግ ይላል።

በ1.8 ከ3 ሜትር ስታነሳ ጥርት የሚለው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዘፋኙ ወደ ማይኩ ጎንበስ ካለ ዓይኑ ይደበዝዝና ጆሮው ይጠራል። ከ9ኙ የፎከስ ነጥቦች የመሃሉን ብቻ ተጠቀም፤ በጨለማ የሚታመነው እሱ ነው።

ኮምቦልቻ ታች ሰፈር፦
1/250 ያልከው ለሁሉም መብራት አይሆንም፤ መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ሲፈጥን የፎቶው ከፊሉ በብልጭታው፣ ከፊሉ በድርግምታው ይነሳል። ለዚህ መድኃኒቱ 1/100 ወይም 1/50 ነው።

የመድረክ ኤልኢዲ ግን የራሱ ፍጥነት አለው፤ ደብዘዝ ሲደረግ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ሕዝቡ ሳይገባ መብራት የሚያስተካክለውን ልጅ ለምንና አደብዝዞ ያብራልህ። መጋረጃውን በ1/50፣ 1/100፣ 1/125፣ 1/160 እና 1/250 አንሳው፤ አጉልተህ ስታየው መስመር የሌለበት ፍጥነት የዚያ አዳራሽ ፍጥነት ነው። የድሮው ትኩስ አምፖል ካለ ተመስገን በል፣ ይህ ችግር የለበትም።

ቀዩን በተመለከተ፦ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) አንሳ፤ ሂስቶግራሙንም (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስቱም ቀለም አውጥተህ እይ። ቀዩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈ የፊቱ ዝርዝር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ በኮምፒውተርም መመለሱ ያስቸግራል። አንድ ስቶፕ አጨልም (ብርሃኑን በግማሽ ቀንስ ማለት ነው)። ካልሆነም ጣትህን ይዘህ ነጩ መብራት እስኪዞር ጠብቅ።

የሆጤ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ አዳራሹ ከ1/100 በላይ ካላስኬደኝ እስክስታውን እንዴት ላስቁመው? ሌንሱን እስክገዛስ?

ደጋን፦
እዚህ ላይ ካሜራው ሳይሆን ጆሮህ ነው የሚሠራው። ትከሻ ወደ ላይ ወጥቶ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት ይቆማል። ያቺን ካገኘህ 1/100ም ይይዘዋል። ከበሮውን እየቆጠርክ ከምቱ ቀደም ብለህ ተጫን፤ አይተህ ከተጫንክ አልፎሃል። መሰንቆም እንደዚሁ ነው፦ ደጋኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ይቆማል፣ መሃል ላይ ግን ጭስ ነው የሚመስለው። ትዝታ ሲዘፈን አትቸኩል፣ ሰውየው ራሱ ረጋ ያለ ነው።

ሌንሱ እስኪመጣ 55ን እርሳትና 18 ላይ ሥራ፤ እዚያ ኤፍ 3.5 ይከፍትልሃል። ቀረብ ብለህ ጭፈራውን ሙሉውን ያዝ። ዘፋኙ ማይኩን በቀኝ እጁ ከያዘ ወደ ግራው ጎን ዙር፣ አለዚያ ማይኩ አፉን ይበላዋል። መለማመጃ ከፈለግክ የወሎ ባህል አምባን ዝግጅት ከመጠበቅ ይልቅ የኪነት ቡድኖችን የቀን ልምምድ አስፈቅደህ ግባ። አንድ ዘፈን አምስት ጊዜ ይደጋግማሉ፤ ማታ የት ላይ እንደሚዘሉ ታውቀዋለህ። መንዙማ ከሆነ ግን አስቀድመህ አዘጋጆቹን ጠይቅ፣ በተለይ ሴቶቹ የተቀመጡበትን ወገን ከማንሳትህ በፊት።

ጦሳ ስር፦
1/100ን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ካነሳህ በኋላ የሚበራውን ስክሪን አጥፋው፣ ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው። ሌዘር ያለበት መድረክ ከሆነ ደግሞ ጨረሩ ወደ ሌንስህ ሲዞር ካሜራውን ዝቅ አድርግ፤ ሴንሰሩን ከወጋው ነጥቡ ከዚያ በኋላ ፎቶህ ሁሉ ላይ ይኖራል።