በ34 ዓመቴ እንደገና ተማሪ ልሆን ነው፤ ለኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ውጭ የሄዳችሁ የሕግ ሰዎች ምከሩኝ

የጠባሴው ጠበቃ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ። ዘጠኝ ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የውርስ፣ የድንበርና የውል ክርክር ነው። ከተማችን ፋብሪካ በፋብሪካ ስትሆን ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ውሎች ቢሮዬ መምጣት ጀመሩ። መጨረሻቸው ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አለ። ቦታው ለንደን ይላል፣ አንዳንዴ ፓሪስ። ደንበኛዬ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ሲለኝ የግልግል አዋጃችንን፣ ቁጥር 1237/2013ን፣ እያገላበጥኩ የምሰጠው መልስ እኔኑ አላረካኝም። በዚህ ሰበብ ማመልከት ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ተመለስኩ፣ በሦስተኛው ተሳካ። ሰሜን እንግሊዝ፣ የአንድ ዓመት ኤልኤልኤም፣ ዓለም አቀፍ የንግድ ግልግል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፣ ተመስገን። መስከረም ላይ እሄዳለሁ።

የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ አይኤልትሱ፣ አልፏል። ለቪዛው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዲስ አበባ ሄጄ ጨርሻለሁ። እሱን አይደለም የምጠይቃችሁ።

ተማሪነት ምን እንደሚመስል ረስቻለሁ። እዚህ ችሎት ስገባ ሬጅስትራሩ ሳይቀር ተነስቶ ሰላም ይለኛል። ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። እዚያ የ23 ዓመት ልጅ አጠገብ ተቀምጬ እጄን ላወጣ ነው። ባለቤቴና የሦስት ዓመት ልጄ ደግሞ እዚህ ይቀራሉ። እሱን ሳስበው እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። እስከ መስከረም ምን ባነብ ይሻላል? እናንተስ በመጀመሪያው ወር ምን ነበር ያስቸገራችሁ?

ብርዱን ብቻ አትንገሩኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ።


የመሐል ሜዳዋ

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የአገሬ ልጅ ስለሆንክ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ። ከመንዝ ነኝ። ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ እዚያው እንግሊዝ የአካባቢ ሕግ ተምሬ ተመልሻለሁ።

ከተመጻደቅክበት ከብርዱ ልጀምር። ልክ ነህ፣ ብርዱ አይጥልህም። የሚጥልህ ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። የኛ ብርድ ሌሊት ውርጭ ቢጥልም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ ግድግዳ ተደግፈህ ትሞቃለህ። እዚያ የምትሞቃት ፀሐይ የለችም። እኔ ያን ሰሞን ያለምክንያት አለቅስ ነበር። የናፍቆት ነው ስል ከረምኩ፣ ለካ የብርሃን ነው። ቢያካፋም ቀን ቀን ወጥተህ ተራመድ።

ሰዓት ከተነሳ አይቀር የራሴን ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያ ጽሑፌ ማስረከቢያው «ሰኞ 12:00» ይላል። እኔ ማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ «ሰኞ 12 ሰዓት» ብዬ ገለበጥኩት። እሁድ ማታ ሳየው የኛው 12 ሰዓት ሆኖ ታየኝ፣ የማታው። ሰኞ ከሰዓት፣ በኛ 9 ሰዓት ላይ፣ ሻይዬን ይዤ ዘና ብዬ ፉትኖት ሳስተካክል ሲስተሙ «ዘግይተሻል» አለኝ። እኩለ ቀን ማለታቸው ነበር። 5 ነጥብ ቀነሱብኝ። 64 የነበረው 59 ሆነ። ስድስት ዓመት አንድ ቀጠሮ አሳልፌ የማላውቅ ሰው! ስልክህን፣ ደብተርህን፣ ጭንቅላትህን ሁሉንም በፈረንጅ ሰዓት አድርገው።

በነገራችን ላይ 64 ጥሩ ነጥብ ነው። እዚያ 50 ማለፊያ ነው፣ ከ60 በላይ ሜሪት፣ ከ70 በላይ ዲስቲንክሽን። 80 ያገኘ ሰው በዓይኔ አላየሁም። ኤ ስትሰበስብ ያደግህ ከሆነ 64 ስታይ የወደቅህ ይመስልሃል። አልወደቅህም፣ ለቤት ደውለህ አታስደንግጣቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እንግሊዝኛው ይለመዳል። እኔን የከበደችኝ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የምትል ጥያቄ ናት።

ለውጭ ሰዎች የኮመን ሎው፣ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የቆመው የእንግሊዞች ሕግ፣ መግቢያ ይሰጡናል። በሁለተኛው ሳምንት የቀንድ አውጣዋ ጉዳይ መጣች። ታውቃታለህ፤ ዶኖሁ በስቲቨንሰን ላይ፣ 1932። ስኮትላንዳዊቷ ሴትዮ ሰው በገዛላት የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አየሁ አለች። መጠጡን የገዛችው እሷ ስላልሆነች ከማንም ጋር ውል የላትም። ታዲያ አምራቹን በምን ትክሰሰው? መምህሩ ወደኔ ዞሮ «በእናንተ አገር ቢሆንስ?» አለኝ። ደስ አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085፤ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ብዬ እንደ ዳዊት አነበነብኩለት።

«ጥሩ» አለ። «ትክክል ነው?»

«አዎ፣ 2085 ነው» አልኩት።

«ቁጥሩን አላልኩሽም። ሕጉ ትክክል ነው?»

ዝም አልኩ። አምስት ዓመት ተምሬ፣ ስድስት ዓመት ስከስ ኖሬ፣ አንድ አንቀጽ ትክክል ይሁን አይሁን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኛ ሥራ አንቀጹን ማግኘት ነው። ሰበር ምን አለ፣ በቃ። እዚያ ግን አንቀጹ መነሻ ነው። አጠገቤ የነበረችው የብራዚል ልጅ ስለማታውቀው ሕጌ አስር ደቂቃ ስትሟገት እኔ የሕጉ ባለቤት አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር።

ያዳነኝ ጓሳ ነው፣ የመንዝ የጋራ የሣር መሬት። የጋራ ሀብትን የተመለከተ ሴሚናር ነበረን። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው በዚህ ነው፤ የጋራ ሀብት የግድ መንግሥት ወይም አንድ ባለሀብት ካልያዘው ይጠፋል የሚለውን ስትሞግት። የስዊስ ተራራ ግጦሽ፣ የስፔን መስኖ ተነሳ። እጄን አወጣሁ። የኛ መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው ጓሳን በቄሮ ሥርዓት እንዴት እንደጠበቁት ነገርኳቸው። (ቄሮ ስል የሌላው አይምታታባችሁ፣ የመንዙ ነው።) ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ነው። ቦታው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። እስኪከፈት ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይገባም። በኛ 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ልክ ነበር ወይ? እዚህ ላይ አስተያየት አላጣሁም! አያቴ እያማረሩ ሲያወሩ ነው ያደግኩት፤ አዋጁ ባይመጣ መሬት የማይደርሳቸውን ሰዎችም አውቃለሁ። መመረቂያዬን በእሱ ጻፍኩ፣ 15 ሺህ ቃል።

አንተም ሽማግሌ ተቀምጠህ አታውቅም? የደም ካሳ፣ የድንበር እርቅ? የግልግል ክፍል ውስጥ የማይታወቅ ነገር ይዘህ ነው የምትገባው።

ለንባብ ወፍራም መጽሐፍ አትግዛ፣ ላይብረሪው ሞልቶታል። የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የሚደነግገውን፣ በፈረንጅ የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት አንብብ፣ 16 አንቀጽ ብቻ ናት። በአዋጅ 1184/2012 ያጸደቅናት ናት። ከዚያ የእንግሊዝን የ1996 የግልግል ሕግ ከ2025ቱ ማሻሻያው ጋር እይ። 1237ን ጎን አስቀምጠህ የት እንደሚለያዩ በእርሳስ ምልክት አድርግ። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 39፣ የመገንጠል መብቱንም፣ ተዘጋጅበት። ኢትዮጵያዊ መሆንህን የሰማ የሕግ ሰው ሁሉ ሻይ ላይ ሳይቀር ይጠይቅሃል።

የረሳሁት ነገር አለ? አዎ፣ ስም። በአያትህ ስም ነው የሚጠሩህ። መጀመሪያ ላይ ማንን እንደሚጠሩ ግራ ገብቶኝ ዞሬ አይ ነበር። ፉትኖት ላይ ደግሞ የኛን አገር ጸሐፊ በራሱ ስም ስትጠቅስ ስህተት ነው ይሉሃል። እኔ አስቀድሜ ለአማካሪዬ «የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ሁለተኛው የአባቱ ነው» ብዬ ጻፍኩለት፣ ተቀበለኝ።


ቆላው ከሸዋ ሮቢት

እኔ የተማርኩት አሜሪካ ነው። ጠያቂው እንግሊዝ ቢሄድም ሌሎች ስለሚያነቡት ትንሽ ልጨምር።

እዚያ መምህሩ ዝርዝር ይዞ ገብቶ በድንገት ስምህን ይጠራል። ተነስተህ የፍርዱን ፍሬ ነገር ትናገራለህ። ከዚያ እውነታውን እየቀያየረ ያፋጥጥሃል፤ «ሴትዮዋ ጠርሙሱን ራሷ ብትገዛስ? ጠርሙሱ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቢሆንስ?» አባቶቻችን በላ ልበልሃ የሚሉት ነው እኮ! ይህን ካሰብኩ በኋላ ፍርሃቴ ቀለለኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙሉ ሴሚስተር የኋላ ወንበር ላይ ተደብቄያለሁ።

ኒውዮርክ ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ የምታስቡ ልብ በሉ። ኤልኤልኤሙ ቢያንስ 24 ክሬዲት መሆን አለበት፤ ውስጡም የተወሰኑ ኮርሶች ያስፈልጋሉ፣ የሙያ ሥነ ምግባር፣ የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሕግ መግቢያ። ኮርስ ስትመርጡ ካላሰባችሁበት በኋላ አይስተካከልም። የዲግሪ ማስረጃችሁን አስቀድመው ይገመግማሉ፣ ወራት ይፈጃል። ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤታችሁ በቀጥታ መላክ አለበት። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁ አሁኑኑ ጨርሱ። የማለፊያ ነጥቡ 266 ነው። እኔ መጀመሪያ 259 አመጣሁ፣ በየካቲቱ ደግሜ አለፍኩ።

እንግሊዝ የሚሄደውም ቢሆን ኤልኤልኤም ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። ከ2021 ጀምሮ ሶሊሲተር (እዚያ አንዱ የጠበቃ ዓይነት) ለመሆን የሚሰጥ ሌላ ፈተና አላቸው። ዘመድ «እዚያው ፈቃድ አውጣ» ሲልህ ይህን ንገረው።


ባለ መዝገቡ (ዓለም ከተማ)

27 ዓመት በዳኝነት ላይ ነኝ። ውጭ ተምረው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። ግማሾቹ አዲስ አበባ ቀሩ፣ ግማሾቹ እዚያው። ወረዳ ፍርድ ቤት የተመለሰ አንድ አላየሁም። ልጄ ሆይ፣ አትሂድ አልልህም፤ ሂድ። ግን የያዝካቸውን መዝገቦች ለማን እንደምታስረክብ ለባለጉዳዮችህ ዛሬ ንገራቸው። ጠበቃ ጠፋብን ብለው ችሎት ላይ ሲያለቅሱ የምናየው እኛ ነን።

ሌላው፣ ለባለቤትህ ውክልና ስጣት። ጠቅላላ ውክልና ብለህ አትለፈው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2205ን አስታውስ። ቤት መሸጥ መለወጥ፣ ባንክ መበደር፣ በስምህ መከራከር ተዘርዝሮ ካልተጻፈ ልጅ ታሞ ብር ቢያስፈልጋት እጇ ታስሮ ትቀመጣለች። ጠበቃ የራሱን ጉዳይ ነው የሚረሳው።


የጠባሴው ጠበቃ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ለሌላው ስንቱን ውክልና ጽፌ የራሴን አላሰብኩትም። ነገ ጠዋት ባለቤቴን ይዤ እሄዳለሁ። መዝገቦቹንም አብሮኝ ለሚሠራ ልጅ ማስተላለፍ ጀምሬያለሁ። እመለሳለሁ ብዬ ግን እዚህ አልፎክርም፤ ልመለስ ነው ሐሳቤ።

የመሐል ሜዳዋ እህቴ፣ «ሕጉ ትክክል ነው?» ያልሽውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ትናንት ችሎት ቁጭ ብዬ በየአንቀጹ ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ዳኛው «የተከሳሽ ጠበቃ፣ እየሰሙ ነው?» አሉኝ።

ባለቤቴ በስድስተኛው ወር ልትመጣ አትችልም ወይ? ምግብስ ምን ልያዝ?


የመሐል ሜዳዋ

ነዋሪ ሆና አብራህ ልትቆይ ከሆነ፣ ስኮላርሺፕህ የመንግሥት ካልሆነ በቀር አይሆንም። ከጥር 2024 ጀምሮ በክፍል ለሚማር ማስተርስ ቤተሰብ ማምጣት ተከልክሏል፣ ለምርምር ተማሪዎችና በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለሚማሩ ብቻ ነው የቀረው። ለጥቂት ሳምንት በጉብኝት ቪዛ ማመልከት ትችላለች፤ ወጪው ብዙ ነው፣ መከልከልም አለ። እኔ እናቴን ላስመጣ ሞክሬ አልሆነልኝም። የኛ ቤት መፍትሔ ቪዲዮ ነበር፤ እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ያቆሙታል፣ እኔ እዚያ ሦስቱንም እቀመጣለሁ። የአንተ ልጅ ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ስልኩ ላይ ትቆያለች ብለህ አትጠብቅ፣ ሁለት ደቂቃ አይታህ ትሮጣለች። አይክፋህ።

ምግብ፤ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የደብረ ሲና ቆሎ። ፈተና ሰሞን በሶ ነው ያኖረኝ። ጋቢ ያዝ፣ ማሞቂያው ውድ ስለሆነ ቤት ውስጥ ለብሰህ ታነባለህ። ቅቤና ቋንጣ ግን በጭራሽ። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኛ አገር ይዞ መግባት አይፈቀድም፣ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱብሃል።


የጠባሴው ጠበቃ

እግዜር ይስጥልኝ። ውክልናው ተፈርሟል፣ ተዘርዝሮ፣ ጋሼ እንዳሉት።

እናቴ ለመስከረም ብላ ከሸኖ ሁለት ኪሎ ቅቤ አስመጥታ አንጥራ ጨርሳ ነበር። አይገባም አልኳት። «ለሰው አገር ሕግ ነው እንዴ የምትማረው?» ብላኝ ገባች። ከትናንት ጀምሮ አኩርፋኛለች።