ለአንድ ሴሚስተር ኮሪያ፦ ከመሄዴ በፊት ምን ልጨርስ?

የፖሊዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የምግብ ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ አራተኛ ዓመት። በተማሪ ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ደቡብ ኮሪያ ለመሄድ ላመለክት ነው። እናቴ «ማን ጋ ልታድሪ ነው?» እያለች ትጨነቃለች። እኔን ያሳሰበኝ ግን እዚያ የተማርኩት እዚህ ካልተያዘልኝ ከባቼ ወደኋላ መቅረቴ ነው። የሄደ ሰው ካለ፣ በየትኛው ሴሚስተር ይሻላል? ጿሚ ስለሆንኩ እሱንም አስቡልኝ።

የሽምብጡ ልጅ
እህቴ፣ ሴኡል ተምሬ ተመልሻለሁ። ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ቪዛውን ተይውና ከኮርሱ ጀምሪ። የምትወስጃቸውን ኮርሶች ይዘት አውርደሽ፣ እያንዳንዱ በየትኛው የኛ ኮርስ ምትክ እንደሚያዝ በጽሑፍ አሰሪ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ይፈርም፣ ማኅተም ይመታበት። አንዱ ኮፒ ሬጅስትራር ፋይልሽ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ። «ሂጂ ግዴለም፣ ስትመለሺ እናስተካክላለን» የሚል አይጠፋም፤ ስትመለሺ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነው የምታገኚው። በተለይ ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) ያላቸውን ኮርሶች ለይተሽ ጠይቂ። ቲዎሪው ተይዞ ላቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሴሚስተራቸው በማርችና በሴፕቴምበር ይጀምራል። በማርች ከሄድሽ የኛ ፋይናልና ጉዞሽ ሊጋጩ ይችላሉ፣ በላዩ ዓቢይ ጾም አለ። በሴፕቴምበሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጥተሽ ታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ትጨርሻለሽ፤ ገናን ቤትሽ ትውያለሽ።

ረቡዕ፣ ዓርብና የነቢያት ጾም ግን አይቀርልሽም። ኪምቺ ጎመን ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ወይም የዓሣ መረቅ ይገባበታል። ሾርባቸውም አብዛኛው የሚሠራው በደረቅ ትንንሽ ዓሣ ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ጣና ዳር አልከፍትም!) ቢቢምባፕ (ሩዝ ከአትክልት ጋር) ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ማዘዝ ይቻላል። ሽሮና በርበሬ ያዢ።

ለእናትሽ ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ኮሪያ ከኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ የኛም አቆጣጠር በ6 ስለሚለይ የሁለታችሁ የግድግዳ ሰዓት አንድ ቁጥር ላይ ነው የሚሆነው። እሳቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሉ አንቺ ጋ ከሌሊቱ 2 ነው። «ገና በጊዜ ነው» ብለው ከደወሉ አለቀልሽ።

አባይ ማዶ
እኔ የምጨምረው ስምና ቀን ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም ከፓስፖርትሽ ጋር በፊደል ሳይቀር ይመሳሰል፤ የልደትና የመግቢያ ዓመትሽም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። በኛ 2015 የገባች ተማሪ እነሱ ጋ ከእውነተኛው ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ቀድማ የገባች ትመስላለች። እዚያ ስትደርሺም በ90 ቀን ውስጥ የውጭ ዜጋ ምዝገባ አለ፣ ባንክና ስልክ ያለ መታወቂያው ያስቸግራል።

ጋሼ ከጊዮርጊስ
ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ? ዲግሪሽን ይዘሽ ሙሉ ወጪ በሚሸፍን ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ብትሄጂ አይሻልም? በልውውጥ የዚያኛው ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ቢቀርልሽም ትኬቱ፣ ዶርሙና ምግቡ ያንቺ ነው። ዛሬ ባለው የዶላር ዋጋ የአባትሽን ኪስ አስቢ።

የሽምብጡ ልጅ
ጋሼ፣ ትኬትና ዶርም የሚሸፍን ልውውጥም አለ እኮ። የፖሊዋ፣ የልውውጡ ደብዳቤ ላይ የጤና መድንን ማን እንደሚከፍል እይ፤ ኮሪያ ከ2021 ጀምሮ በተማሪ ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። ጊዜ ካገኘሽ ቹንቾን ሂጂ፣ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች መታሰቢያ እዚያ አለ።

የፖሊዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ደብዳቤው «ትኬትና ማደሪያ ይሸፈናል» ይላል፣ ስለ መድን ግን ምንም የለም፤ ጠይቄ እመለሳለሁ። የላቡን ነገር ሰኞ ከኃላፊው ጋር እጨርሳለሁ። የተፈረመ ቅጽ ናሙና ያለው ሰው ስሙን ሸፍኖ ቢልክልኝ?