አስቸኳይ! የኤዲሰን ፎኖግራፍ ቺንጊያ ተበጠሰብኝ፣ በምን ልስራው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአያቴ ማጫወቻ ቺንጊያው አሁን ብጥስ አለ። ሞተሩ ይዞራል፣ ላይኛው ግን ንቅንቅ አይልም። ቅዳሜ ዘመድ ተሰብስቦ ሊሰማው ነው። እዚህ ከተማ የሚሸጥ አጣሁ። የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ የሳይክል ካላማዳሪ ቆርጠህ አስገባ። አለቀ።

ግራማፎን ወዳድ፦ ቆይ እስቲ። በእጅ የሚሞላ የሸክላ ማጫወቻ እኮ ቺንጊያ የለውም፣ ሳህኑን የሚያዞረው በጥርስ ነው። የተሰበረብህ ሌላ ነገር ነው።

ጠያቂ፦ ሸክላ አይደለም። ክብ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የሰም ነገር ነው የሚጫወተው። ኤዲሰን ይላል። የተበጠሰው ቆዳ ነው፣ ደርቋል።

ግራማፎን ወዳድ፦ በል እንዲያ በለኝ! ሲሊንደር ነዋ። ኤዲሰን በ1877 (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ዘር ነው። ንግሥት ቪክቶሪያም በ1898 (እ.ኤ.አ.) ለአፄ ምኒልክ ድምጿን ቀርጻ የላከችው በእንዲህ ያለው ነበር። ይህን ዕቃ በካላማዳሪ አታበላሹት፣ የታሪክ ቅርስ ነው። ሙዚየም ማማከር ይሻላል።

ምንጃሬው፦ ታዲያ የኛን የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ዘፈን አታስብ። ጀርመን አገር የተቀረጸው በሸክላ ስለሆነ በዚህ አይሰማም።

ጠያቂ፦ ወንድሞቼ፣ ቅዳሜ ደረሰ። ቺንጊያውስ?

ቆዳ ሠሪ (መንዝ)፦ በበግ አገር ተቀምጠህ ቆዳ ቸገረህ? ጫማ ሰፊ ጋ ሂድና ለገበር የሚሆን ስስ የለፋ ቆዳ ጠይቅ። ሌጦ እንዳትወስድ፣ ሲደርቅ እንጨት ይሆናል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይለፍ። ወርዱን ከተበጠሰው ላይ ለካ። ርዝመቱን ግን ከአሮጌው አትውሰድ፣ ያረጀ ቆዳ ይረዝማልም ይኮማተራልም። ክር በሁለቱ ፑሊዎች (ቺንጊያው በሚዞርባቸው መዘውሮች) ዙሪያ አዙርና እሱን ለካ፣ ማወጠሪያዋ ትንሿ ፑሊ መሃል ላይ ስትሆን። ለመደራረቢያ 2 ሳንቲም ያህል ጨምር። ቆዳውን ከጀርባ በኩል በረዥሙ ቁረጠው፣ የሆድ በኩሉ ይለጠጣል። ዋናው ነገር መገጣጠሚያው ነው። ሁለቱን ጫፎች በምላጭ አስልተህ አሳሳቸው፣ ሲደራረቡ ከሌላው ቦታ እንዳይወፍሩ። ከዚያ በጫማ ማስቲሽ ለጥፍ፣ በሁለቱም ፊት ቀብተህ ትንሽ ሲደርቅ ተጫነው፣ እስከ ነገ አትንካው። ፈጣን ሙጫ ደረቅ ጉብታ ይሠራል፣ በዞረ ቁጥር ድምፁ ይንገጫገጫል። ለስላሳውን ፊት ወደ ፑሊው አድርግ። አታጥብቀው፣ ሳይንሸራተት እስከያዘ ድረስ ላላ ቢል ይሻላል።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እኔም ያልኩት እኮ ነው፣ ካላማዳሪ ይበቃዋል። ጎማ አይንሸራተትም።

ቆዳ ሠሪ (መንዝ)፦ ጎማ ይለጠጣል ወንድሜ። ፍጥነቱ ሲዋዥቅ ዘፋኙ ያቃስታል። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ እሺ፣ ሞክረው።

እትዬ ከአንኮበር፦ ልጄ፣ ስትሠራ ሞላውን ሞልተህ አትጀምር። ዞሮ ዞሮ እስኪያልቅ ተወው፣ ጣትህን ይበላሃል። የሰሙንም ሲሊንደር አልኮል አታስነካው፣ ዳር ዳሩን ይዘህ አንሳው።

ግራማፎን ወዳድ፦ ስትጨርስ ፍጥነቱን ለካ። ከ1902 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የታተሙት የኤዲሰን ሲሊንደሮች በደቂቃ 160 ጊዜ ነው የሚዞሩት። ሰሙ ላይ ሳይሆን ሲሊንደሩ የሚሰካበት ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፍና በ15 ሰከንድ 40 ዙር ቁጠር።

አዲስ አባል (ደብረ ሲና)፦ ማስቲሹን ቆዳ ሠሪው የጠቀሱት ቢጫውን ነው? የኔም ተበጥሷል።