እንኪዱ በ7ኛው ጽላት ሞቶ በ12ኛው ከየት መጣ? (የጥንቱ የመስጴጦምያ ግጥም ጊልጋሜሽ፣ አስቸኳይ)

ጠያቂዋ፦ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ የንባብ ቡድናችን መጨረሻውን ይወያያል፣ የምመራው እኔ ነኝ። የንጉሡ የጊልጋሜሽ ወዳጅ እንኪዱ 7ኛው ጽላት (የሸክላ ሰሌዳ) ላይ ታሞ ሞተ፣ 8ኛው ላይ ተለቀሰለት። 12ኛው ላይ ደግሞ በሕይወት ቁጭ ብሏል! ገጽ ጎድሎ ነው? ሌላው ችግር፣ የጓደኛዬ መጽሐፍ ላይ መጠጥ ሻጯ ሲዱሪ «ሆድህ ይጥገብ፣ እጅህን የያዘውን ልጅ ተመልከት» ትላለች፣ የእኔ ላይ የለም።

ሸምበቆ፦ የትኛው ትርጉም ነው? ግጥም ወይስ ስድ ንባብ?

መምህር ነኝ፦ ጊልጋሜሽ አንድ ወጥ መጽሐፍ አይደለም። መጀመሪያ አጫጭር የሱመር ግጥሞች ነበሩ፤ ቀጥሎ የብሉይ ባቢሎን ቅጂ መጣ፤ ኋላ ጸሐፊው ሲን-ሌቂ-ኡኒኒ አዘጋጀው የሚባለው መደበኛ ቅጂ። የዚህ ዋና ጽላቶች የተገኙት ነነዌ፣ ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ሳይታወቅ ውይይት አይጀመርም።

ጠያቂዋ፦ የእኔ ግጥም፣ የእሷ ስድ ንባብ። ጥያቄዬስ?

ባለጡብ፦ ገጽ አልጎደለም። 12ኛው ጽላት የአንድ የሱመር ግጥም ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን ወደ አካድኛ (የባቢሎን ቋንቋ) ተተርጉሞ የተቀጠለ ነው። የጊልጋሜሽ ኳስና መምቻ (ከበሮ ነው የሚሉም አሉ) ወደ ሙታን አገር ይወድቃል፤ እንኪዱ ሊያመጣ ወርዶ እዚያው ይቀራል። ከ7ኛው ጋር አይገናኝም። ማስረጃ ከፈለግሽ የ11ኛውን መጨረሻ ክፈቺ፦ ጊልጋሜሽ ጀልባ ነጂውን ኡር-ሻናቢን የከተማው የኡሩክ ቅጥር ላይ ወጥቶ እንዲመላለስ፣ መሠረቱንና ጡቡን እንዲመረምር ይነግረዋል። እነዚያው ስንኞች 1ኛው ጽላት መግቢያ ላይ አሉ። ታሪኩ እዚያ አልቋል። ዛሬ 11ኛው ላይ አቁሙ።

ሽብልቅ፦ የሲዱሪ ምክር ያለው በብሉይ ባቢሎን ቅጂ ብቻ ነው። በመደበኛው 10ኛ ጽላት ላይ መንገዱን ታሳየዋለች እንጂ ይህን አትልም። የጓደኛሽ ተርጓሚ ቅጂዎቹን አቀላቅሏል። ስለዚህ ቦታ ስትጠቁሙ በገጽም በመስመርም አትጣሩ፤ «10ኛው፣ ሲዱሪ በር ስትዘጋ»፣ «11ኛው፣ ወፎቹ ሲለቀቁ» እያልሽ ጥሪ። የስድ ንባብ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የጽላት ክፍፍል የለውም፤ ጓደኛሽ ከውይይቱ በፊት ቦታዎቹን በእርሳስ ታስምርበት። የግጥም ትርጉሞቹም የመስመር ቁጥር ቢሆን ይለዋወጣል፦ የኢራቁ የሱለይማኒያ ሙዚየም በ2011 የገዛው ጽላት በ2014 ሲታተም 5ኛው ላይ ወደ 20 የሚጠጉ አዲስ መስመሮች ጨምሯል፤ የዝግባው ጫካ ዝንጀሮዎችና ወፎች የሚንጫጩበት ክፍል ነው። ከዚያ በፊት በታተመ መጽሐፍ አትፈልጉት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወንዝ ዳር፦ 12ኛውን ተዉት ማለት ግን አልዋጥልኝ አለ። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ራሳቸው 12ኛ ብለው ቆጥረውታል። ጊልጋሜሽ ሞትን ሸሽቶ የዓለምን ዳር ዞረ፤ የሞተ ሰው ምን ይሆናል የሚለውን የሚሰማው ግን እዚህ ነው። የእንኪዱን መንፈስ ይጠይቃል፦ አንድ ልጅ የነበረው ሰውዬ? ግድግዳው ላይ ችካል ተመትቶበት ያለቅሳል። ሁለት ልጆች የነበሩት? ሁለት ጡብ ላይ ተቀምጦ እንጀራ ይበላል። ሰባት የነበሩት? ከአማልክት ታናናሾች ጋር ዙፋን ላይ ተቀምጧል። እህቴ፣ ይህን ክፍል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ስለ ተከታታይነቱ የሚከራከር አይኖርም።

ጥያቄ አለኝ፦ 11ኛው ላይ ያለው የጥፋት ውኃ ታሪክ የኖኅን ስለሚመስል ኦሪት ዘፍጥረት 8ን አጠገቡ አድርጉ። ኖኅ ቁራን አስቀድሞ ርግብን አስከተለ፤ በጊልጋሜሽ ከጥፋት ውኃው የተረፈው ኡታ-ናፒሽቲ ግን ከርግብ ጀምሮ በቁራ ይጨርሳል።

ሸምበቆ፦ 11ኛው ላይ አቁሙ፣ ቅጥሩ ላይ።

ባለጡብ፦ አልኩ እኮ! የወንዝ ዳር ያለውም ልክ ነው፤ 12ኛውን ለብቻው ሌላ ቀን ያዙለት። ጠያቂዋ፣ የት ደረሳችሁ?