4.10 ጥርስ ከገጠምኩ ወዲህ ዲፈረንሻሉ ያላዝናል

ጥያቄ፦ ቀዩ ፈጣን
ሰላም ቤተሰብ። የኋላ ዲፈረንሻሌን የጥርስ ሬሾ ከ3.55 ወደ 4.10 ቀየርኩ። ኮሮናውን (ትልቁን ክብ ጥርስ) እና ፒኞኑን (እሱን የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ) ራሴ ነኝ የገጠምኩት፤ የመጀመሪያዬ ነው። አነሳሱ ልብ ያሞቃል። ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ያላዝናል። ስረግጠው ዝም ይላል። የጥርሱን ልቅነት (ባክላሽ) በዳያል ጌጅ ስለካው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለም ቀብቼ ሳዞረው ምልክቱ ወደ ጥርሱ ሥር ወርዷል። ባክላሹ ልክ ከሆነ ድምፁ ከየት መጣ?

ብሎን ፈቺ
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባክላሽ የሚነግርህ ኮሮናው ለፒኞኑ ምን ያህል እንደተጠጋ ነው። የፒኞኑን ጥልቀት የሚያሳይህ ቀለሙ ነው። ምልክቱ ሥር ላይ ካረፈ ፒኞንህ ከልክ በላይ ገብቷል። ስፔሶሩ (ቦታ የሚያስተካክለው ቀጭን ቀለበት) በፒኞኑ ራስና በኩሽኔታው መካከል ከሆነ ቀጠን ያለ አስገባ፤ 0.05 ሚሊ ሜትር እየቀነስክ ሞክር። ፒኞኑ ሲርቅ ባክላሹ ይሰፋል። ስለዚህ ኮሮናውን በጎን ስፔሶሮች መልሰህ አስጠጋው፣ እንደገና ቀለም ቀባ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥርሰ ብረት
ልክ ነው። ፎርድ 9 ኢንች በሚባለው የዲፈረንሻል ዓይነት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስፔሶሩ ሲወፍር ፒኞኑ ይወጣል። ለመሆኑ ባክላሹን ስንት ቦታ ለካህ?

ቀዩ ፈጣን
አንድ ቦታ ብቻ። 9 ኢንች አይደለም፤ ስፔሶሩ ኩሽኔታው ሥር ነው። ደግሞ ልናዘዝ፦ በኩሽኔታዎቹ መካከል ያለችውን ተጨፍላቂ ቡሽ የድሮዋን ነው የመለስኩት። ችግር አለው?

ጥርሰ ብረት
አለው እንጂ! አንዴ የተጨፈለቀች ቡሽ ኩሽኔታዎቹን ወጥራ አትይዝም። ነዳጅ ስትረግጥ ፒኞኑ ከኮሮናው ይገፋል፣ ስትለቅ ወደ ኮሮናው ይሳባል። ልል ከሆነ ያኔ ያላዝናል። አዲስ ቡሽ ግዛ። ዳዶውን በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቅክ፣ ኮሮናው ሳይገባ፣ ፒኞኑን ለማዞር የሚፈጀውን ጉልበት ለካ። ለአዲስ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለሠራ ኩሽኔታ ግማሹ ገደማ። የአምራቹ ቁጥር ግን ይቀድማል። ካለፈብህ ዳዶውን ላላ አድርጎ ማስተካከል የለም፤ ሌላ ቡሽ ነው። ባክላሹንም ኮሮናውን እያዞርክ ቢያንስ አራት ቦታ ለካ።

የጋራዥ ልጅ
ከእኔ አንድ ዘዴ፦ የድሮ ኩሽኔታ ውስጡን ፍቀህ ለሙከራ አስቀምጥ። ያለ ፕሬስ (መጫኛ ማሽን) ገባ ወጣ ስለሚል ስፔሶር አሥር ጊዜ ብትቀይርም አትማረርም። ስንት ኪሎ ሜትር ነድተኸዋል? ብዙ ከሄደ ጥርሱ በተሳሳተ ቦታ ስለሚላመድ ብታስተካክለውም ድምፁ ላይጠፋ ይችላል።

ቀዩ ፈጣን
120 ብቻ።

የጋራዥ ልጅ
ተርፈሃል። ዛሬውኑ አቁመው። ስትጨርስ መጀመሪያ 20 ደቂቃ በእርጋታ ንዳና አቁመህ በደንብ ይቀዝቅዝ። 800 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይር። እስከዚያ ጎማ ማስጮህ የለም!